አንድ ድስት፣ ሁለት ጭልፋ

በ1945 ዓ.ም. ሁዳዴ ከገባ በሁለተኛው ሰኞ፣ ከሐረር ግንብ ውጭ በነበረ አንድ ሆስፒታል የሳንባ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሃያ ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ወጡ። ሃያ ሁለቱም ከስተው ተገኙ። አንዱ ሁለት ኪሎ፣ አንዱ ሦስት ኪሎ ጎድሏል። የአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱሪማ በገመድ ታስሮም አልቆም ስላለ የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ በእጁ ይዞላቸው ነው የተመዘኑት።

ዶክተር ማሬክ መዝገቡን አልጋ ላይ ወረወረው። ከባሕር ማዶ መጥቶ ሐረር ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ነው። አማርኛን እየሰባበረ ይናገራል፤ “አንተ”ና “እርስዎ” ለእሱ አንድ ናቸው።

“መርፌ ጥሩ ነው፤ ሳል ቀንሷል” አለ። “ሰውየው ግን ያልቃል! ሥጋ አዘዝኩ። ወተት አዘዝኩ። የት ሄደ?”

ሁሉም ዞረው የወጥ ቤቱን ኃላፊ ወይዘሮ ገላነሽን አዩ።

ገላነሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አያቷ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው፤ እሷም ግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል፣ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ተወልዳ አደገች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን እንኳ አንድ ማንኪያ ስኳር ጎደለብሽ ተብላ አታውቅም።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ አቶ እንደሻው ግን ከዶክተሩ ጎን ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ውጭ አገር ተምሮ ተመልሷል። ከሦስት ወር በፊት መኮሮኒ በሥጋ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ የዱቄት ወተትና ፉርኖ ዳቦ ለሕሙማን እንዲሰጥ ያዘዘው እሱ ነው።

“ወይዘሮ ገላነሽ፣ ከዕቃ ቤት የሚወጣው ምግብ ለአርባ ሰው ይበቃል። በሽተኞቹ ካልበሉት ማን በላው?”

የገላነሽ ፊት ጋለ። የተባለችው ገብቷታል። ሌባ ነሽ ነው የተባለችው፣ ያውም ሃያ ሁለት ሰው ፊት።

“ማን እንደበላው ላሳይዎት” ብላ ሁለቱንም ይዛቸው ወጣች።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሦስት ውሾች ፀሐይ ላይ ተዘርረዋል። ከውፍረታቸው የተነሣ ሰው ሲመጣ እንኳ ቀና አላሉም። አንደኛው ጅራቱን ሁለት ጊዜ አወዛወዘና ደክሞት ተወው።

“እነዚህን መዝኗቸው” አለች ገላነሽ።

ዶክተሩ ውሾቹን አየ። እሷን አየ። ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። “ለምን አይበሉም?”

“አሥራ ሦስቱ እስላሞች ናቸው፤ ያረደውን የማያውቁትን ሥጋ አይነኩም፣ የቆርቆሮውንማ በዓይናቸውም አያዩት። ዘጠኙ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ጊዜው ጾም ነው። ጠዋት መቅመሱን ለመድኃኒቱ ብለው ተቀብለዋል፤ ሥጋና ወተት ግን ንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ ፈቅደዋል ብንላቸውም እሺ አይሉም። የዱቄቱ ወተት ደግሞ የቀመሰውን ሁሉ ሆዱን አሞታል። በፉርኖና በሻይ ብቻ ነው ያሉት።”

“ይልመዱ” አለ እንደሻው። “በሠለጠነ አገር በሽተኛ የታዘዘለትን ይበላል።”

“የሞተ ሰው አይለምድም፣ አቶ እንደሻው።”

ዶክተር ማሬክ እጁን አነሣ። “በቃ! አራት ሰኞ እሰጣለሁ። ሁሉም የሚበላው ምግብ አምጪ። ኪሎ ከጨመረ ጥሩ።”

“ካልጨመረስ?” አለ እንደሻው።

ዶክተሩ መዝገቡን ሊያነሣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እንደሻው ግን ወደ ገላነሽ ዞሮ፣ “ካልጨመረ ወጥ ቤቱን ለሌላ ሰው ያስረክባሉ” አላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገላነሽ ድሬሰሩን ለምና የክብደቱን መዝገብ አስነበበች። አንድ ነገር ጆሮዋን ሳበው። ሌላው ሁሉ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሲያጣ፣ በመስኮቱ በኩል የተኛው አደም ያጣው ግማሽ ኪሎ ብቻ ነበር። አደም የድሬ ጠያራ ገበሬ ነው። ሲታመም ቁመቱ ብቻ ቀረ እንጂ፣ በደህናው ጊዜ ሰማንያ ኪሎ ይመዝን ነበር። ሚስቱ ኸዲጃ ሰኞና ሐሙስ ከመንደሯ በእግሯ እየመጣች ትጠይቀዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ገላነሽ ኸዲጃ በበሩ ስትገባ ጠብቃ፣ ጥቂት ቆይታ ተከትላት ወደ ክፍሉ ሄደች። በረንዳው ላይ ስትደርስ መሪጌታ ኃይለመስቀል ዳዊት ሲደግሙ ሰማች። መሪጌታ የአደም የአልጋ ጎረቤት ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሳል ድምፃቸውን የበላባቸው ሽማግሌ። የገላነሽ እግር በቀረበ ቁጥር ድምፃቸው ከፍ አለ። በር ላይ ስትደርስ በሻከረው ድምፃቸው ጭራሽ ይጮኹ ጀመር።

ገላነሽ ነገሩ ገባት። መሪጌታ ዘብ ቆመዋል ማለት ነው።

ወደ አደም አልጋ ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። አደም አፉ ሙሉ ነበር። ጭኑ ላይ ቅል ተቀምጧል፤ ቅሉ ውስጥ የሞቀ ገንፎ አለ።

ከውጭ ምግብ ማስገባት በእንደሻው ትእዛዝ የተከለከለ ስለነበር ኸዲጃ ደነገጠች። “እትዬ፣ ወላሂ መርዝ አይደለም! የቤቱ ምግብ ነው። አይንጠቁት፣ በአላህ!”

“አልነጥቀውም” አለች ገላነሽ። “አቅምሺኝ።”

ኸዲጃ ግራ እየገባት ቅሉን አቀረበችላት። ገላነሽ በጣቷ ቆረሰች። ገንፎው ደልዳላና ልዝብ ነው፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ቅባት ውስጥ ውስጡን ይሸታል። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ተደፍቶበታል፤ መጀመሪያ መረር ይልና ወዲያው በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ምላስን ይቀሰቅሳል። ገላነሽ ሁለተኛ ቆረሰች። ሦስተኛም ልትቆርስ ስትል ምግቡ የበሽተኛ መሆኑ ትዝ አላትና እጇን ሰበሰበች።

“ከምን ሠራሽው?”

“ከማሽላ ነው። ከሙይራ፤ የእኛ አገር ማሽላ። ኦቾሎኒ ተቆልቶ ተወቅጦ ገብቶበታል። ላዩ አብሽ ነው፤ ማታ ተዘፍዝፎ፣ መራራው ውሃ ተደፍቶ፣ አረፋ እስኪሆን ይመታል። ጀጎል ሁልበት ይሉታል፤ ስሙን ሳይሰሙት አይቀሩም።”

ማሽላ! ገላነሽ ራሷ በማሽላ እንጀራ ነው ያደገችው። ግን እናቷ ቤት እንግዳ ከመጣ ማሽላው ይደበቅና ጤፍ ከጎረቤት ይፈለግ ነበር። “የቸገረው ሰው እህል” ይባል ነበርና እሷም ተጠይቃ አንድ ቀን በላሁ ብላ አታውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሆስፒታል ስታበስል ማሽላ በሐሳቧም መጥቶ አያውቅም።

“ቅቤ አለበት?” አለች።

“ላማችን ነጥፋለች። ከየት መጥቶ?”

መሪጌታ ዳዊቱን አቋረጡ። “ቅቤ የለበትም?”

“የለበትም፣ አባባ” አለ አደም።

“ወተትስ?”

“የለበትም።”

መሪጌታ ምራቃቸውን ዋጡ። “እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘብ ያቆማችሁኝ እኔም ልበላው ለምችል ምግብ ነበር?”

አደም ሣቀ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልፎም ይሥቅ ነበር። ኸዲጃ ቅሉን ወደ መሪጌታ አዞረች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። “ድስቱስ? ሥጋ የተሠራበት እንዳይሆን።”

“የእኛም ሰዎች የእትዬን ድስት እንዲህ ነው የሚጠይቁት” አለች ኸዲጃ።

ገላነሽ ሁለቱንም አየቻቸው። ለአራት ቀን ስትፈልገው የነበረው መልስ ከፊቷ ቆሟል። “እንግዲያው አዲስ ድስት ነው የሚያስፈልገን” አለች። “ማንም ሥጋ ያላስነካው። ኸዲጃ፣ ቅዳሜ ሸዋ በር ገበያ ጠብቂኝ።”

ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች አራት ትልልቅ የሸክላ ድስቶች መርጠው፣ በጣታቸው እያንኳኩ ድምፃቸውን ሰምተው ገዙ። ኸዲጃ የመንደሯን ሴቶች አስከትላ ነበር፤ ሦስት አህያ ሙሉ ሙይራ፣ ኦቾሎኒና ስኳር ድንች ይዘው መጥተዋል። ገላነሽ በበኩሏ ተልባ፣ ምስርና የኑግ ዘይት አሸክማለች። አህዮቹ በሆስፒታሉ በር ሲገቡ እንደሻው ከቢሮው ወጣ።

“ማሽላ ነው?” አለ ዓይኑን ባለማመን። “ወይዘሮ ገላነሽ፣ ሆስፒታል የተሠራው ገበሬ ቤቱ የሚበላውን ሊሰጠው ነው?”

“ገበሬው ቤቱ እያለ ሰማንያ ኪሎ ነበር” አለችና አህያዋን ነድታ አለፈች።

እሑድ ንጋት ላይ ጀመሩ። የመጀመሪያው ድስት ተበላሸ። ገላነሽ ለሃያ ሁለት ሰው የሚሆን የማሽላ ዱቄት በአንድ ጊዜ ከፈላው ውሃ ላይ ብትገለብጠው ድቡልቡል ጓል ሆኖ ቀረ። ኸዲጃ ወገቧን ይዛ ሣቀች። “እትዬ፣ ማሽላ አይገፋም። በእፍኝ በእፍኝ፣ እየለመኑት ነው።” ሁለተኛውን አብረው አማሰሉት፣ አንዷ ስትነሰንስ አንዷ እያገላበጠች። አብሹን ሲመቱ ደግሞ ክንዳቸው ዛለ፤ ግን አረፋው እንደ አዲስ የታለበ ወተት ተነሣ።

ከዚያ ገላነሽ ሕጉን አወጣች። ገንፎው አንድ ነው፣ ጾም። ጭልፋው ግን ሁለት ነው። በአንዱ ለሙስሊሞቹ የተነጠረ ቅቤ ይፈስስላቸዋል፤ በሌላው ለጿሚዎቹ የተልባ ውሃ ከኑግ ዘይት ጋር። የቅቤው ጭልፋ ድስቱን ከነካ ድስቱ ይደፋል።

ምግቡን ይዘው ክፍሉ ገቡ። ሙስሊሞቹ አደምን ያያሉ፤ ክርስቲያኖቹ መሪጌታን። ሱሪያቸው አልቆም ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

“ማን ነው የሠራው?”

“እኔና እሷ” አለች ገላነሽ። “ድስቱ አዲስ ነው። ሥጋ አልነካውም፤ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስም አይነካውም።”

ያም ሆኖ እጁን የዘረጋ አልነበረም። ኸዲጃ መሬት ላይ ተቀመጠችና አንድ ሳህን ከፊቷ አደረገች። ገላነሽም ከጎኗ ተቀመጠች። አንዷ “ቢስሚላህ”፣ አንዷ “በስመ አብ” ብለው፣ ከአንድ ሳህን፣ ቅቤ ያልነካውን በሉ። አበላላቸው የማስመሰል አልነበረም፤ ከሌሊት ጀምረው ሠርተው ርቧቸዋል።

“ልጄ” አሉ መሪጌታ ኃይለመስቀል፣ “የተልባውን ወዲህ በይ።”

“ለእኔም ከቅቤው” አሉ ነጋዴው ወዲያው፣ እንዳይቀደሙ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ማንኪያ የማይወዱት በጣታቸው ጠረጉ። ድስቱ ባዶውን ተመለሰ። በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ከዚያ ክፍል ድስት ባዶውን ሲመለስ የመጀመሪያው ነበር፤ ገላነሽ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ደግማ ደጋግማ አየችው።

በማግሥቱ ሰኞ ሚዛኑ አልጨመረም፤ ግን አልቀነሰም። እንደሻው፣ “ይኸው!” አለ። ዶክተሩ፣ “አልወረደም። ቆይ” አለው። በሚቀጥለው ሰኞ ከሃያ ሁለቱ አሥራ አምስቱ ጨመሩ። ገላነሽና ኸዲጃ ያን ጊዜ ተደፋፍረው ገበታውን አሰፉት። ጠዋት ገንፎ፤ ቀትር ላይ የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ ወይም በጎመን፤ ከሰዓት የተቀቀለ ስኳር ድንች፤ ከዚያ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ እንደ ገበያው። ነጋዴው ምስሩ ቃሪያ ያንሰዋል ብለው መቆጣት ጀመሩ። የሚቆጣ በሽተኛ እየዳነ ነው ብላ ገላነሽ ደስ አላት። ውሾቹ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ጠፉ፤ ሥጋ ቤቶች ወዳሉበት ሄደዋል አሉ።

አራተኛው ሰኞ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተሰማ። እንደሻው ተጨነቀ። ጨርቅ ይነጠፍ፣ መኮሮኒ ይሠራ፣ ነጭ ሳህን ይውጣ አለ። ገላነሽ አይሆንም ብትለው ጥሏት ሄደ። ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ አራቱም የሸክላ ድስቶች የሉም። ዱቄቱም የለም። የዕቃ ቤቱ በር በቁልፍ ተዘግቷል።

ኸዲጃ ልታለቅስ ደረሰች። “ዛሬ ነው እኮ የመጨረሻው ሚዛን!”

“ሦስት ሳምንት የበሉት በአንድ ጠዋት አይጠፋም” አለች ገላነሽ። ኸዲጃን ይዛም ወደ ክፍሉ ሄደች።

ተቆጣጣሪው ከዘራ የያዙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ግዙፍ ሰው ነበሩ። እንደሻውና ዶክተሩ ግራና ቀኝ ሆነው ይዘዋቸው ገቡ። በየአልጋው አጠገብ መኮሮኒ በነጭ ሳህን ተቀምጧል። የነካው የለም።

“ለምንድን ነው የማትበሉት?” አሉ ተቆጣጣሪው መሪጌታ አልጋ አጠገብ ቆመው።

መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና እጅ ነሡ። “ጌታዬ፣ የእኛ ቁርስ ታስሯል።”

“ታስሯል?”

“ዕቃ ቤት። ወንጀሉን አላወቅንም።”

ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። አደም አልጋውን በጡጫ እየመታ ሣቀ፤ ሲሥቅ አንዴም አላሳለውም። ዶክተር ማሬክ ቀስ ብሎ ወደ እንደሻው ዞረ። “ማን ቆለፈ?” እንደሻው ፊቱ ደም መሰለ፤ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ለገላነሽ ሰጣት።

“አስፈትተሽ አምጪው” አሉ ተቆጣጣሪው፣ ከሣቃቸው ጋር እየታገሉ። “እስከዚያ እንመዝን።”

ድሬሰሩ መዝገቡን ገለጠ። የመጀመሪያው ሰው ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ሁለተኛው ሁለት ተኩል። ነጋዴው ሦስት፤ ሱሪያቸው ያለ ገመድ ቆሟል። ዶክተሩ ቁጥሩን ከድሬሰሩ ነጥቆ ራሱ መጥራት ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ድምፁ እየጨመረ ሄደ። መሪጌታ ሦስት ተኩል። የአደም ተራ ደረሰ። ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ያዘ።

“ሃምሳ ስድስት!” አለ ዶክተሩ። “አምስት ኪሎ! አምስት!”

በሩ ላይ ድስት ተሸክማ የቆመችው ኸዲጃ ድስቱን መሬት አስቀምጣ እልልታዋን ለቀቀችው። ገላነሽም ተቀበለቻት። አስታማሚዎቹ፣ ልብስ አጣቢዎቹ፣ ከሌላ ክፍል የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ እልል አሉ። ከሃያ ሁለቱ ያልጨመረ አንድም አልነበረም። ዶክተር ማሬክ መዝገቡን ራሱ ላይ ደፍቶ በአልጋዎቹ መሀል እንደ ሠርገኛ ዞረ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡለት።

ተቆጣጣሪው ገንፎውን ቆመው በሉት። ሳህናቸውን ሲመልሱ ወደ ገላነሽ ጎንበስ ብለው፣ “ይኽን አሠራሩን አስጽፈሽ ስጪኝ። ሌላም ሆስፒታል አለ” አሏት።

መጻፉ በእንደሻው ላይ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዟል። “ውሾቹ ዘንድ ስለወሰዱኝ ቀን ይቅርታ ያድርጉልኝ” አላት። “እርስዎን የጠረጠርኩት በደል ነበር።”

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አለች ገላነሽ። በርጩማ ስባለት ሳህን ሙሉ ገንፎ አቀረበችለት። እንደሻው መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ነካ አደረገ። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሱ አስጠጋ። ሲጨርስ ጃኬቱን አውልቆ፣ “ሁልበት በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?” ብሎ ጠየቀ።

“እኔ ምኑን አውቄ” አለች ኸዲጃ። “እኔ የማውቀው መምታቱን ነው።”

እሱ ገና እየጻፈ ሳለ የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ መጣች። አራሶቹ እልልታውን ሰምተው ምግቡ ለእነሱስ የማይደርሰው ለምንድን ነው ብለዋል አለች። አሥራ አራት ናቸው። ገላነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ኸዲጃም ውሃ ጨመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኸዲጃ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሆነች።

አደም በሰኔ ወጣ። ማሽላው ለኩትኳቶ ደርሶ ነበርና በቅሎ ይምጣልህ ቢሉት አይሆንም ብሎ በእግሩ ሄደ። መሪጌታ ኃይለመስቀል እስከ ጥቅምት ቆዩ። እሳቸውም ሲወጡ አደም እንዲህ ሲል ላከባቸው፦ “እሸት ሲደርስ ሳይመጡ ቢቀሩ እጣላዎታለሁ።”

በኅዳር አንድ ቀን ገላነሽ መሪጌታን ይዛ ድሬ ጠያራ ወረደች። አደም በማሳው ዳር እሳት አንድዶ የማሽላ እሸት ይጠብሳል፤ ኸዲጃ እያሸች በሰፌድ ታቀርባለች። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከክርስቲያን ቤት ውጭ ገበታ ቀርበው አያውቁም ነበር። ያን ቀን እንጨት ላይ ተቀምጠው፣ ትኩስ እሸት ከእጃቸው ወደ አፋቸው እየወረወሩ፣ ሦስት ራስ ጨረሱ። አራተኛውን ሲጀምሩ አደም፣ “አባባ፣ ሚዛኑ ይሰበራል” አላቸው።

“ይሰበር” አሉ መሪጌታ። “ሌላ ይግዙ።”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ተመለሱ። ከድሬ ጠያራ ወደ ሐረር ያለው መንገድ ዳገት ነው። ገላነሽ መሀል ላይ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መሪጌታ ግን ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በሙሉ ድምፃቸው እየዘመሩ፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳያዩ ወጡ። ዜማው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ይሰማት ነበር።